ከአፈሩ የማይነጠል አበባ

በአሜሪካ ኔቫዳ ግዛት፣ በሬኖና በላስ ቬጋስ ከተሞች መካከል በተዘረጋው ሰፊ በረሃ ውስጥ ሲልቨር ፒክ የሚባል የተራራ ሰንሰለት አለ። በዚህ ሰንሰለት ውስጥ ራዮላይት ሪጅ በተባለ ሸንተረር ላይ፣ ሌሎች ተክሎች እምብዛም የማይደፍሩት ነጣ ያለ ሸክላ መሬት ይገኛል። ከባሕር ጠለል በላይ ያለው ከፍታ ከ1,800 እስከ 1,900 ሜትር ገደማ ነው። በብርድ ወራት በረዶ ይወርድበታል፤ በሙቀት ወራት ደግሞ ፀሐይ ያነድደዋል። በየዓመቱ ግንቦት ሲገባ በዚህ መሬት ላይ ፈዛዛ ቢጫ አበቦች ይፈካሉ። የተክሉ ስም የቲም ባክዊት ነው።

ይህ ተክል በምድር ላይ ሌላ ቦታ አይበቅልም። የበቀለበት መሬት ሁሉ ተደምሮ 4 ሄክታር ገደማ ነው፤ በድሮው የአገራችን ልኬት የአንድ ጋሻ አንድ አሥረኛ ማለት ነው። እሱም በአንድ ላይ አልሰፈረም፤ በስምንት ቦታ ተከፋፍሎ በሸንተረሩ ላይ ተበታትኗል።

ይህች ቁራጭ መሬት ባለፉት ጥቂት ዓመታት የማዕድን ኩባንያን፣ የተፈጥሮ ጥበቃ ድርጅቶችን፣ የዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችን፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችንና ፍርድ ቤትን ስታከራክር ቆይታለች። አበባው ሥሩን የሰደደበት ሸክላ በሊቲየም የበለጸገ ነውና። ሊቲየም የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ ዋና ግብዓት ነው። የኢትዮጵያ መንግሥት በ2024 መጀመሪያ (እዚህ ላይ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ፣ አዲስ አበባ ውስጥም የኤሌክትሪክ መኪና የዕለት ተዕለት እይታ ሆኗል። ስለዚህ ጉዳዩ ሩቅ ቢመስልም እኛንም ይነካናል።

የዚህ አበባ ነገር ሲነሳ ብዙ ጊዜ «አበባ ይሻላል ወይስ ንጹሕ ኃይል?» ተብሎ ይጠየቃል። ጥያቄው ግን ተክሉን ከመሬቱ ነጥሎ ማየት እንደሚቻል አስቀድሞ ያምናል። ተመራማሪዎች ስለዚህ አበባ የደረሱበት ነገር ሁሉ የሚያሳየው ደግሞ ሁለቱ እንደማይነጣጠሉ ነው። የሚጠበቀው ምን እንደሆነ ሳናውቅ እንዴት እንጠብቀው ብለን ብንከራከር ፍሬ የለውም።

የመቅመቆ ዘመድ

ተክሉን ለሳይንስ ያስተዋወቀው አርኖልድ ቲም የተባለ የኔቫዳ የዕፅዋት ተመራማሪ ነው። በ1983 ናሙናውን ከሸንተረሩ ሰበሰበ። የዚህ ተክል ወገን ሊቅ የነበረው ጄምስ ሪቪል ናሙናውን መርምሮ እስከዚያ ጊዜ ያልታወቀ ዝርያ መሆኑን አረጋገጠና፣ በ1985 በሰብሳቢው ስም ኤሪዮጎነም ቲሚ ብሎ ሰየመው። 

ኤሪዮጎነም ወደ 250 የሚጠጉ ዝርያዎች ያሉት የሰሜን አሜሪካ ወገን ነው። የሚገኝበት ቤተሰብ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ቅቤ ሲነጠር የሚገባው መቅመቆ፣ በየተዳፋቱ የሚበቅለው እምቧጮና በየእርጥብ ቦታው የሚታየው ቱልት የዚሁ ቤተሰብ አባላት ናቸው። የቲም ባክዊት ግን ከእነዚህ ዘመዶቹ በጣም ያነሰ ነው። ሰማያዊና ግራጫ የተቀላቀለባቸው ትናንሽ ቅጠሎቹ ተጠጋግተው መሬት ላይ ይነጠፋሉ። ከመካከላቸው ቀጫጭን አገዳዎች ይወጣሉ፤ በእያንዳንዱ አገዳ ጫፍ ላይ ጥቃቅን አበቦች ተሰብስበው ክብ ይሠራሉ። አበቦቹ ሲያረጁ ፈዛዛ ቢጫነታቸው ወደ ቀይ ይለወጣል። ዘሩ በሰኔ መጨረሻና በሐምሌ መጀመሪያ ይበስልና ከእናቱ ሥር ይረግፋል። ተክሉ ዓመታዊ ስላልሆነ አበባው ከረገፈ በኋላም በሕይወት ይቆያል፤ በቀጣዩ ዓመት እንደገና ያብባል።

የደረቀ ሐይቅ ያወረሰው አፈር

አበባው ለምን እዚያ ብቻ እንደሚበቅል ለመረዳት ከአምስት ሚሊዮን ዓመት በላይ ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። ያን ጊዜ በስፍራው ሐይቅ ነበር። በዙሪያው የነበሩ እሳተ ገሞራዎች የሚተፉት አመድ ሐይቁ ውስጥ እየወረደ ይጠራቀም ነበር። ከአመዱና ከአካባቢው አለት የታጠቡ ማዕድናት ከሐይቁ ደለል ጋር ተዋሃዱ። ውሃው ጠፍቶ ደለሉ ወደ አለትና ሸክላ ሲለወጥ፣ ሁለት ንጥረ ነገሮች በብዛት ታምቀው ቀሩ። አንዱ ሊቲየም ሲሆን ሁለተኛው ቦሮን ነው። ቀጥሎ የመጣው የምድር ቅርፊት እንቅስቃሴ ያንን የሐይቅ ወለል ገፍቶ ወደ ላይ አወጣው። የዛሬው ነጣ ያለ ሸክላ የዚያ ሐይቅ ቅሪት ነው።

ቦሮን ለተክል ሕይወት አስፈላጊ ነው። የሕዋስ ግድግዳን አያይዘው ከሚያጠናክሩት ነገሮች አንዱ እሱ ነው። የሚያስፈልገው መጠን ግን እጅግ ጥቂት ነው። ሲያንስ አዲስ ቀንበጥ ማደግ ያቅተዋል፤ ሲበዛ ደግሞ የቅጠሉ ጠርዝ ይቃጠላል፣ ተክሉም ይመረዛል። በኢትዮጵያ በ2012 በተጀመረው አገር አቀፍ የአፈር ጥናት ብዙ የእርሻ መሬቶች ቦሮን እንደሚጎድላቸው ታይቶ፣ ኤንፒኤስቢ የተባለው ቅይጥ ማዳበሪያ ቦሮን ተጨምሮበት ለገበሬው ቀርቧል። የእኛ ገበሬ በገንዘቡ የሚገዛው ንጥረ ነገር በራዮላይት ሪጅ ሌሎች ተክሎችን የሚያስቸግር እስኪሆን ድረስ ሞልቷል።

የቲም ባክዊት ኑሮውን የመሠረተው ብዙዎች በማይችሉት በዚህ አፈር ላይ ነው። አብረውት የሚበቅሉት ተክሎች ጥቂት ስለሆኑ፣ በስምንቱ ስፍራዎች ላይ ጎልቶ የሚታየው እሱ ነው። በረሃ ውስጥ ከሁሉ የከፋው ትግል የውሃ ሽሚያ ነው፤ ጎረቤቱ ጥቂት የሆነ ተክል የምትወርደውን ጥቂት ዝናብና የምትቀልጠውን በረዶ ያለ ብዙ ሽሚያ ያገኛል። ሌሎች ላይ የሚበረታው አፈር ለእሱ ከለላ ሆኖታል ማለት ይቻላል።

በሬኖ የሚገኘው የኔቫዳ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይህን በሙከራ ፈትሸዋል። ከአበባው መኖሪያ የተወሰደ አፈርና በአቅራቢያው አበባው ከማይበቅልበት ቦታ የተወሰደ አፈር በመስታወት ቤት ውስጥ አዘጋጅተው ዘሩን ዘሩበት። ችግኞቹ በአጠቃላይ የተሻለ ውጤት ያሳዩት በራሳቸው አፈር ላይ ነበር። ስለዚህ የአበባው ብርቅነት ከድክመት የመጣ አይደለም። ለአንድ ዓይነት አፈር የተለየ ችሎታ አዳብሯል፤ ያ አፈር ደግሞ ጥቂት ስለሆነ እሱም ጥቂት ነው። በዓለም ዙሪያ በጂፕሰም፣ በጨውና በከባድ ብረታ ብረት በተሞሉ አፈሮች ላይ ብቻ የሚበቅሉ ተክሎች ሁሉ ታሪካቸው ከዚህ ጋር ይመሳሰላል። የመሬቱን ጠባይ የተማሩት በረጅም ዘመን ነው፤ መሬቱ ሲጠፋ የተማሩትን ይዘው የሚሄዱበት ቦታ አይኖራቸውም።

ያለ ነፍሳት ዘር የለም

አፈሩ ብቻውን ግን አበባውን አያኖረውም። ተክሉ በቂ ዘር እንዲያፈራ የአንዱ አበባ ብናኝ ወደ ሌላው መድረስ አለበት። ይህን የሚያከናውኑት ነፍሳት ናቸው። በስፍራው በተደረገው ጥናት ንቦች፣ ተርቦች፣ ጥንዚዛዎችና ዝንቦች አበባውን ሲጎበኙ ታይተዋል፤ ነፍሳት እንዳይደርሱባቸው ከተደረጉ አበቦች ይልቅ ነፍሳት የጎበኟቸው የበለጠ ዘር አፍርተዋል።

እዚህ ላይ ከዓይን የሚሰወር ነገር አለ። ንብ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ቀፎ ውስጥ በመንጋ የምትኖረውን የማር ንብ ነው። በዓለም ካሉት የንብ ዝርያዎች አብዛኞቹ ግን ብቸኞች ናቸው፤ ከእነሱም ብዙዎቹ አፈር ቆፍረው ጉድጓድ ውስጥ እንቁላል ይጥላሉ፣ ልጆቻቸውንም እዚያው ያሳድጋሉ። ከአበባው በብዙ ሜትር ርቀት ያለ ባዶ የሚመስል መሬት የእነዚህ ንቦች መኖሪያ ሊሆን ይችላል። አበባው ሳይነካ ያ መሬት ቢታረስ ወይም የከባድ መኪና መንገድ ቢሆን፣ ብናኝ የሚያመላልሱት ነፍሳት ይቀንሳሉ፤ አበባው እያበበ ዘር ሊያጥረው ይችላል።

የአሜሪካ የዓሣና የዱር እንስሳት አገልግሎት ለዚህ ተክል የግድ አስፈላጊ የሆነውን መኖሪያ ሲከልል ይህን አስቦበታል። ተክሎቹ ከቆሙበት 4 ሄክታር አልፎ በዙሪያቸው 500 ሜትር ድረስ ያለውን ስፍራ ጨመረ። የተከለለው መሬት በድምሩ 368 ሄክታር ገደማ ሆነ፤ ከዘጠኝ ጋሻ በላይ ማለት ነው። ልዩነቱ ራሱ ይናገራል፦ አበባው የቆመበት መሬትና አበባው የሚኖርበት መሬት እኩል አይደሉም።

የመስከረም 2020 ጥፋት

በ2019 በተደረገው ቆጠራ ወደ 44,000 የሚጠጉ ተክሎች ተገኝተው ነበር። በቀጣዩ ዓመት መስከረም ላይ ስፍራውን የጎበኙ ሰዎች ያላሰቡት ነገር ጠበቃቸው። ብዙ ተክሎች ከሥራቸው ተቆፍረዋል፤ ወፍራሙ ሥራቸው ተቆርጦ ተወስዷል። በመጀመሪያው ግምት 17,000 ገደማ ተክሎች፣ ማለትም ከጠቅላላው 40 በመቶ ያህሉ፣ ጠፍተው ነበር።

ክርክሩ በጋለበት ወቅት ስለሆነ ሰው ሆን ብሎ ያደረገው ነው የሚል ጥርጣሬ ወዲያው ተነሳ። መልሱን የሰጠው የዘረመል ምርመራ ነው። ከተጎዱት ሥሮችና በስፍራው ከተገኘ የእንስሳት ኩስ የተወሰዱ ናሙናዎች ሲመረመሩ የቆርጣሚ እንስሳት ዲኤንኤ ተገኘባቸው፤ በተለይም የጅራቱ የታችኛው ገጽ ነጭ የሆነ የመሬት ስኩዊረል ዲኤንኤ። ያ ዓመት በአካባቢው ድርቅ የጠናበት ነበር። እንስሳቱ ሌላ ቦታ ያጡትን ውሃ በሥሮቹ ውስጥ ፈልገው ሳይሆን እንዳልቀረ ተመራማሪዎቹ ይገምታሉ።

ይህ ክስተት ሁለት ነገር ያስተምራል። የመጀመሪያው የጥቂቶች ሕይወት ምን ያህል በአንድ ክፉ ወቅት እጅ እንዳለ ነው። በሰፊ አገር የተሰራጨ ተክል በአንድ ሸንተረር ላይ ቢበላ በሌላው ይተርፋል። መኖሪያው አንድ ብቻ የሆነ ግን የሚያገግመው ከዚያው ከተረፈው ነው። ሁለተኛው ደግሞ የአየር ንብረት ለውጥ ከሙቀት መጨመር በላይ መሆኑ ነው። ድርቅ ሲደጋገም አበባውን በጥም ከመጉዳቱ በተጨማሪ አብረውት የሚኖሩትን እንስሳት ጠባይ ይለውጣል፤ ለዘመናት ሥሩን ያልተመኘ እንስሳ ሊበላው ይመጣል። የኤሌክትሪክ መኪና ደጋፊዎች የአየር ንብረት ለውጥን መግታት አለብን ሲሉ ለዚህ አበባም ጭምር እየተናገሩ ነው፤ ይህን መካድ አይገባም።

ከሥሩ ያለው ሀብት

ሊቲየም ከብረታ ብረት ሁሉ ቀላሉ ነው። በትንሽ ክብደት ብዙ ኃይል የሚይዝ ባትሪ ለመሥራት የተመረጠውም በዚህ ጠባዩ ነው። ራዮላይት ሪጅ የሚገኝበት የኤስሜራልዳ አውራጃ ለሊቲየም አዲስ አይደለም። ከራዮላይት ሪጅ ብዙም በማይርቀው የክሌይተን ሸለቆ ከ1960ዎቹ ጀምሮ ከጨዋማ የከርሰ ምድር ውሃ ሊቲየም ሲመረት ቆይቷል፤ ለረጅም ጊዜ በአሜሪካ ብቸኛው የሊቲየም ማምረቻ ነበር። የራዮላይት ሪጅ ሀብት ግን በውሃ ውስጥ የሟሟ ሳይሆን በአለትና በሸክላ የታሰረ ነው፤ ለማውጣት መሬቱን መቆፈር ግድ ይላል። ሊቲየምና ቦሮን አንድ ላይ በዚህ መጠን የሚገኙባቸው ቦታዎች በዓለም እጅግ ጥቂት ናቸው። አበባውን ወደዚያ የሳበው ልዩ አፈር ኩባንያውንም ሳበው።

ፕሮጀክቱን የያዘው አዮኒር የተባለ የአውስትራሊያ ኩባንያ ነው። ማምረቻው ሥራ ሲጀምር በዓመት ለ370,000 ያህል የኤሌክትሪክ መኪናዎች የሚበቃ ሊቲየም እንደሚያወጣ ታቅዷል። የአሜሪካ ኢነርጂ ሚኒስቴር በጥር 2025 ለፕሮጀክቱ የ996 ሚሊዮን ዶላር ብድር አጽድቋል። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ግን ሸሪክ ይሆናል ተብሎ የነበረው የደቡብ አፍሪካው ሲባንዬ ስቲልዋተር ከስምምነቱ ወጥቷል።

መሬቱ የፌዴራል መንግሥት ነው። በዚህ ዓይነት መሬት ላይ ማዕድን የመፈለግና የማውጣት መብት እስከ ዛሬ የሚመራው በመሠረቱ በ1872 በወጣ ሕግ ነው። ሕጉ የወጣው ምዕራቡን የአገሪቱ ክፍል በሰው ለማስፈርና ሀብቱን ለማውጣት ሲታሰብ ነበር፤ ብርቅዬ ተክል የሚባል ነገር በጊዜው የሕግ አውጪዎች ሐሳብ ውስጥ አልነበረም። የመጥፋት አደጋ ያንዣበበባቸውን ዝርያዎች የሚጠብቀው ሕግ የወጣው ከመቶ ዓመት በኋላ በ1973 ነው። በራዮላይት ሪጅ ላይ እነዚህ ሁለት ሕጎች ፊት ለፊት ተገናኝተዋል።

አጥር ይበቃል?

ሴንተር ፎር ባዮሎጂካል ዳይቨርሲቲ የተባለው የጥበቃ ድርጅት ተክሉ በአደጋ ላይ ካሉ ዝርያዎች መዝገብ እንዲገባ በ2019 አመለከተ። ጉዳዩ በፍርድ ቤት ጭምር ታይቶ፣ ተክሉ በታኅሣሥ 2022 የመጥፋት አደጋ ላይ ያለ ዝርያ ሆኖ ተመዘገበ። የዓሣና የዱር እንስሳት አገልግሎት ከዘረዘራቸው ስጋቶች መካከል የማዕድን ፍለጋና ቁፋሮ፣ መንገድና ከመንገድ ውጭ የሚነዱ ተሽከርካሪዎች፣ የከብት ግጦሽ፣ መጤ አረም፣ ሥር የሚበሉ እንስሳትና የአየር ንብረት ለውጥ ይገኙበታል።

የመጀመሪያው የማዕድን ዕቅድ ቢፈጸም ኖሮ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ተክሎች ይጠፉ እንደነበር አገልግሎቱ ገምቶ ነበር። ኩባንያው ከዚያ በኋላ ዕቅዱን ከልሶ ተክሎቹ በቀጥታ የማይነቀሉበት አድርጎታል፤ ለምርምር ገንዘብ ሰጥቷል፣ ችግኝ የሚያፈላበት የመስታወት ቤትም አቋቁሟል። ይህ እርምጃ እውቅና ሊሰጠው ይገባል። ይሁንና በተከለሰው ዕቅድም ቢሆን ከተከለለው መኖሪያ አምስተኛ ያህሉ ይነካል። የዓሣና የዱር እንስሳት አገልግሎት ዕቅዱ ዝርያውን ለመጥፋት አያደርሰውም ብሎ ደመደመ፤ የፌዴራል መሬቶችን የሚያስተዳድረው የአሜሪካ የመሬት አስተዳደር ቢሮም በጥቅምት 2024 ፈቃድ ሰጠ። በዚያው ወር መጨረሻ የጥበቃ ድርጅቶችና የምዕራብ ሾሾኒ ነባር ሕዝቦችን መብት የሚያስጠብቅ ቡድን ፈቃዱን በመቃወም ክስ መሠረቱ። ለሾሾኒዎች መሬቱ የአባቶቻቸው ርስት ነው።

ክርክሩ ሲጠቃለል በተክሎቹ ዙሪያ አጥር ማጠር ይበቃል ወይስ አይበቃም የሚል ነው። እስካሁን የተዘረዘረውን አንድ ላይ ሲያዩት መልሱ ይጠራል። ክፍት የማዕድን ማውጫ ሲቆፈር አቧራ ይነሳል፤ አቧራ ቅጠል ላይ ሲያርፍ ተክሉ ብርሃን የሚቀበልበትን ገጽ ይሸፍናል። የተገለበጠ አፈር መጤ አረምን ይጋብዛል፤ ከእስያ የመጣው ሃሎጌተን የተባለ አረም በአካባቢው አለ፣ የታወከ መሬት ደግሞ ይወዳል። ጉድጓድ የሚምሱ ንቦች መሬታቸውን ያጣሉ። ዘር ቢበዛ እንኳ ቀስ በቀስ የሚስፋፋበት ተመሳሳይ አፈር አይኖርም። አጥር ከእነዚህ አንዱንም አያስቆምም። አጥር የሚያስቆመው የሚረግጥ እግርንና ተሽከርካሪን ብቻ ነው።

የሕጉም ክፍተት አለ። በ1973ቱ ሕግ እንስሳና ተክል እኩል አልተጠበቁም። በአደጋ ላይ ያለን እንስሳ መጉዳት በማንኛውም ሰው መሬት ላይ የተከለከለ ሲሆን፣ የተክል ጥበቃ ግን በዋናነት በፌዴራል መሬት ላይ የተወሰነ ነው። ከመኖሪያው ሸሽቶ መሄድ የማይችለው ተክል ሆኖ ሳለ፣ ጥበቃው ለሚሮጠው መብለጡ ከሳይንሱ ጋር አይሄድም።

ወደ ሌላ ቦታ ብንወስደውስ?

ይህ ብዙ ሰው ቀድሞ የሚጠይቀው ጥያቄ ነው። ዘሩን መስታወት ቤት ውስጥ ማብቀል ይቻላል፤ ተደርጓልም። ከባዱ ነገር ከመስታወት ቤቱ ውጭ ይጀምራል። ወደ መስክ ተወስደው የተተከሉ ችግኞች በቆርጣሚ እንስሳት ተበልተዋል። እንስሳቱ ቢከለከሉ እንኳ፣ የአፈሩን ሙከራ እንዳየነው፣ በአቅራቢያ ያለ ሌላ መሬት ሁሉ አይስማማውም። ተስማሚ አፈር ቢገኝ ደግሞ ብናኙን የሚያመላልሱ ነፍሳት እዚያ መኖር አለባቸው። ከዚያም በኋላ ተክሉ አድጎ፣ አብቦ፣ ዘሩ በራሱ በቅሎ ሁለተኛና ሦስተኛ ትውልድ እስኪተካ መጠበቅ ያስፈልጋል። የተሳካ ዝውውር የሚባለው ያኔ ነው፤ የተተከለ ችግኝ ለምልሞ መታየቱ ብቻ ማረጋገጫ አይሆንም።

ዘርን በቅዝቃዜ ማስቀመጥም ጠቃሚ ነው፤ ለክፉ ቀን መድን ይሆናል። ዘር በመጋዘን ሲቀመጥ ግን የሚኖርበት መሬት አብሮት አይቀመጥም። የሚመለስበት ቦታ የሌለው ዘር ሕይወቱ በሰው እጅ ላይ ይወድቃል።

ሊቲየምን በተመለከተ ዓለም ብዙ አማራጭ አላት። በቺሊና በአርጀንቲና የጨው ሜዳዎች፣ በአውስትራሊያ አለቶች፣ በዚያው በኔቫዳም በሌሎች ስፍራዎች ሊቲየም አለ። ያረጀ ባትሪን ፈትቶ ሊቲየሙን እንደገና መጠቀም ይቻላል፤ በሊቲየም ፈንታ ሶዲየም የሚጠቀሙ ባትሪዎችም ወደ ገበያ እየገቡ ነው። እያንዳንዱ አማራጭ የራሱ ዋጋ አለው፤ በቺሊ ሊቲየም የሚወጣበት የአታካማ በረሃ ሕዝቦች ስለ ውሃቸው የሚያነሱት አቤቱታ ይህን ያሳያል። የቲም ባክዊት ግን አማራጭ የለውም፤ ያለው 4 ሄክታር ብቻ ነው። ምትክ ያለውን ነገር ለማግኘት ምትክ የሌለውን አደጋ ላይ መጣል ትክክል እንዳልሆነ በግልጽ መናገር ያስፈልጋል። ንጹሕ ኃይል የምንፈልገው ሕይወት ያለባትን ምድር ለማዳን ነውና፣ የትኛው መሬት ይቆፈር የሚለው ጥያቄ የንጹሕ ኃይል ጥያቄ አካል ነው።

ከመቆፈሩ በፊት ማወቅ

በኢትዮጵያም ተመሳሳይ ጉዳይ አለ። በሶማሌ ክልል ቀይ አሸዋማ መሬት ላይ የሂብ የሚባል ቢጫ አበባ የሚያወጣ ቁጥቋጦ ይበቅላል። ከኢትዮጵያና ከሶማሊያ በስተቀር በተፈጥሮ የትም አይገኝም። ፍሬው ተቀቅሎም ተቆልቶም ይበላል፤ በድርቅ ጊዜ አርብቶ አደሩንና ከብቱን ያቆያል። በቅጠሉ ውስጥ ያለው ቀለም ከመብዛቱ የተነሳ የሚበሉትን ፍየሎች አጥንት ሳይቀር ያቀላል። ይህ ተክል በዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት መዝገብ ለአደጋ የተጋለጠ ተብሎ ሰፍሯል። ዘሩ ሁሉ ለምግብ ይለቀማል፣ ችግኙን ከብት ይግጠዋል፣ እድገቱም አዝጋሚ ነው። የሂብን ለማቆየት መሬቱን፣ ግጦሹንና የሕዝቡን ኑሮ አንድ ላይ ማሰብ ይጠይቃል።

የማዕድን ፍለጋውም እየሰፋ ነው። በታንታለሙ የሚታወቀው የጉጂው ቀንጢቻ ሊቲየም ስላለው ተፈላጊነቱ ጨምሯል፤ በዳናኪል ዝቅተኛ መሬት ፖታሽ አለ። አገራችን ከእነዚህ ሀብቶች መጠቀሟ ተገቢ ነው፤ ወጣቶቿ ሥራ ይፈልጋሉ፣ ኢኮኖሚዋም የውጭ ምንዛሪ ይሻል። ጥያቄው ፈቃድ ከመሰጠቱ በፊት በዚያ መሬት ላይ ምን እንደሚኖር እናውቃለን ወይ የሚለው ነው።

ለዚህ መሠረቱ ተጥሏል። ከ1980 እስከ 2009 በተካሄደው የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት ጥናት ላይ የአገር ውስጥና የውጭ ምሁራን ተሳትፈው ወደ 6,000 የሚጠጉ ዝርያዎችን በስምንት ቅጾች መዝግበዋል። ከእነዚህ ውስጥ አሥር በመቶ ያህሉ ሌላ ቦታ የማይገኙ ናቸው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ብሔራዊ ሄርባሪየም ናሙናዎቹን ይጠብቃል፤ በ1976 የተመሠረተው የጂን ባንክም ዘር ያስቀምጣል። ሥራው ግን አላለቀም፤ በተለይ ለመድረስ የሚያስቸግሩት ቆላማና በረሃማ አካባቢዎች ገና ብዙ ሰብሳቢ ይፈልጋሉ።

የራዮላይት ሪጅ ታሪክ ለእኛ የሚሰጠው ትልቁ ምክር ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። አርኖልድ ቲም በ1983 ያንን ናሙና ባይሰበስብ ኖሮ፣ ሸንተረሩ ተቆፍሮ አበባው ሲጠፋ የጠፋውን የሚያውቅ ሰው አይኖርም ነበር። ክርክሩም፣ ጥናቱም፣ የተከለሰው ዕቅድም ሊመጣ የቻለው አንድ የዕፅዋት ተመራማሪ ሸንተረሩ ከመቆፈሩ በፊት ቀድሞ ስለደረሰ ነው። በእኛ አገር ይህ ለአጋጣሚ መተው የለበትም። የማዕድን ፈቃድ በሚጠየቅበት መሬት ሁሉ፣ አበቦቹ በሚያብቡበት ወቅት የተደረገ የዕፅዋትና የነፍሳት ጥናት ከፈቃዱ በፊት ጠረጴዛ ላይ መቅረብ ይኖርበታል። ወጪው ከማዕድኑ ጥቅም ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው፤ ጥናቱን የሚሠሩ ባለሙያዎችንም ዩኒቨርሲቲዎቻችን በየዓመቱ እያስመረቁ ነው። የሚጎድለው ከማዕድን መሐንዲሱ እኩል የዕፅዋት ተመራማሪውም እንዲጠየቅ የሚያስገድድ አሠራር ነው።